ቦምቡ ያልበተነው ሰልፍ

ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ተነስቶ ጎልደን ሃይዌይ የሚባለውን መንገድ ወደ ደቡብ የያዘ ሰው ኤልዶራዶ ፓርክንና ኤነርዴልን አልፎ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ኦሬንጅ ፋርም ይደርሳል። መንገዱን ከቀጠለ ኤቫተንና ሴቦኬንግ ይከተላሉ፤ ከእነሱ ወዲያ ሻርፕቪልና ቦይፓቶንግ አሉ። የኛ ሰዎች እንዲህ ያለውን የጥቁሮች መኖሪያ በሙሉ «ሎኬሽን» ይሉታል። ሎኬሽን ወጥተው ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ በዱቤ እያዞሩ የሸጡ፣ ከብሎኬትና ከቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው ዳቦና ወተት የሚሸጡ ኢትዮጵያውያን ኦሬንጅ ፋርምን በደንብ ያውቁታል። እኔ የምተርከው እነሱ ከመምጣታቸው በፊት የዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ነዋሪ ድምፁን እንዳይሰጥ በጥይትና በቦምብ ሲከለከል ምን እንዳደረገ፣ ከዚያም ወዲህ ያ ሕዝብ ከድምፅ መስጫው ጋር እንዴት እንደሰነበተ ነው። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው፤ ትላልቆቹን ቀኖች ግን በኛም እጠቅሳለሁ።

ታሪኩ መንደሩ ከመቆርቆሩ ትንሽ ቀደም ይላል። ሜይ 6 ቀን 1987 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነጮች ብቻ ምክር ቤታቸውን መረጡ። አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ፕሬዚዳንት ፒ. ደብልዩ. ቦታ ለመራጩ ያቀረቡለት ዋናው ነገር ፍርሃት ነበር፤ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ፣ ማለትም ኤ.ኤን.ሲ.፣ አሸባሪ ነው፣ ከጀርባው ሞስኮ አለች፣ እኛ ከሌለን ማን ይጠብቃችኋል የሚል ቅስቀሳ። ቅስቀሳው ሠራ። የሳቸው ናሽናል ፓርቲ ከ166 ወንበር 123ቱን ወሰደ። ከእሱም ይበልጥ የከረረው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ 22 ወንበር አግኝቶ ለዘብተኞቹን ከዋና ተቃዋሚነት ቦታቸው አስነሳቸው። ስጋት የገባው መራጭ ጡንቻ ወዳለው ይጠጋል የሚባለው ነገር በዚያ ምርጫ በቁጥር ታየ።

በማግስቱ ሌሊት ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ የነበረው የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንግረስ ሕንፃ፣ ኮሳቱ ሃውስ፣ በቦምብ ተመታ። ያፈነዱት አሸባሪ የተባሉት ሰዎች አልነበሩም፤ የመንግሥት የጸጥታ ፖሊሶች ነበሩ፤ ይህንንም ከዓመታት በኋላ በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ፊት ራሳቸው አመኑ። ጄፒ ጎዳና ዛሬ ከአዲስ አበባ፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ የመጣ ነጋዴ ሞልቶት፣ ቡናው የሚፈላበት፣ እንጀራው የሚበላበት፣ ሎኬሽን የሚወጣ ሁሉ ዕቃውን የሚሸምትበት ሰፈር ነው። የአሸባሪዎች አለቃ ተብለው በዚያን ጊዜ ሃያ አምስተኛ የእስር ዓመታቸውን ሊደፍኑ የተቃረቡት ኔልሰን ማንዴላም ውትድርና የተማሩት በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ በሚመሩት ማሠልጠኛ ነበር።

ኦሬንጅ ፋርም የተቆረቆረው ከዚያ ምርጫ በኋላ፣ በ1988 ገደማ ነው። ከነጮች እርሻ የተባረሩ ቤተሰቦች መጡ። ሶዌቶ ውስጥ በሰው ጓሮ ቆርቆሮ ደግፈው የሚኖሩ ተከራዮች መጡ። አጠገቡ ከነበረው ዋይለርስ ፋርም የተዛወሩም ነበሩ። መሬቱ ቀድሞ እርሻ ነበርና መብራት የለው፣ ጥርጊያ መንገድ የለው፤ ቆርቆሮውን ተሸክሞ የመጣ ሁሉ ቤቱን ራሱ አቆመ። ከነዚህ ሰዎች አንዱም በአገሩ ፓርላማ ምርጫ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ እኩል ለምርጫ እንግዳ ነበር።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ማንዴላ ተፈቱ። ድርድሩ ሲጀመር ደም መፍሰሱም ባሰ። በዚያው ዓመት በጁላይ የኤ.ኤን.ሲ. ተቀናቃኝ የሆነው የኢንካታ ፓርቲ ሴቦኬንግ ውስጥ ስብሰባ ጠራ፤ ቀኑ በግጭት አለቀና ሠላሳ ያህል ሰው ሞተ። በሴፕቴምበር 13 ጆሃንስበርግ ውስጥ ሠራተኛ የጫነ ባቡር ላይ የወጡ ታጣቂዎች ከፉርጎ ፉርጎ እየተዘዋወሩ 26 ሰዎች ገደሉ። በጃንዋሪ 1991 ሴቦኬንግ ውስጥ ለአንድ የተገደለ የኤ.ኤን.ሲ. ወጣት የለቅሶ ሌሊት ሊያድሩ የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ቦምብ ተወረወረ፣ ጥይት ተከፈተ፤ ከሠላሳ በላይ ለቀስተኞች እዚያው ቀሩ። ከኦሬንጅ ፋርም ሥራ የሚሄድ ሰው ያኔ ሁለት መንገድ ነበረው። ወይ ስትሬትፎርድ ጣቢያ ባቡር ይይዝ ነበር፣ ወይ በሚኒባስ ታክሲ ይሄድ ነበር። ሁለቱም በዚያን ዘመን ሞት የሚሳፈርባቸው ሆኑ።

ሰኔ 10 ቀን 1984 በኛ፣ በእነሱ ጁን 17 ቀን 1992 ሌሊት፣ ከክዋማዳላ የሠራተኞች ማደሪያ የወጡ ታጣቂዎች ቦይፓቶንግ ገብተው በየቤቱ እየዞሩ 45 ሰዎች ፈጁ። ሴቶችና ሕፃናት አልቀሩም። ኤ.ኤን.ሲ. ድርድሩን ረግጦ ወጣ። ከቦይፓቶንግ፣ ከሴቦኬንግ፣ ከኤቫተን የሸሸው ሰው ወደ ሰሜን ሲል ከሚያገኛቸው መንደሮች አንዱ ኦሬንጅ ፋርም ነው። በመላው አገሪቱ ከ1990 አጋማሽ እስከ ምርጫው ድረስ በፖለቲካ ግጭት የሞተው ወደ 14 ሺህ ይጠጋል። ሕዝቡ ከዚህ ሁሉ ጀርባ «ሦስተኛ ኃይል» አለ ይል ነበር። ነገሩ የሰፈር ወሬ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆየ፤ የዳኛ ጎልድስቶን ኮሚሽን ግን በማርች 1994 ከፍተኛ የፖሊስ መኮንኖች ለኢንካታ ሰዎች መሣሪያ ያቀብሉ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ወጣ።

የቦይፓቶንግ ሌሊት እዚህ ላይ በጣም አስፈላጊ የሚሆንበት ምክንያት አለኝ። ሰውን ከምርጫ ለማስቀረት የሚያስፈራራ ወገን ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ከቤትህ አትውጣ፣ ትሞታለህ ይላል። ማስፈራሪያው የሚሠራው ቤት ደኅና ከሆነ ብቻ ነው። የዚያ መንገድ ሕዝብ ግን ሞት ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ በሩን ሰብሮ፣ አልጋው ላይ ያገኘው ሕዝብ ነበር። ከቤት አለመውጣት ያዳነው አንድም ሰው አላየም። ኋላ ቦምብ ያጠመዱት ሰዎች ይህን አልተረዱትም።

ኤፕሪል 10 ቀን 1993፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ክሪስ ሃኒ በዳውን ፓርክ ቤታቸው ደጅ ላይ በጥይት ተገደሉ። ሃኒ ከማንዴላ ቀጥሎ ወጣቱ የሚወዳቸው መሪ ነበሩ። ገዳዩ ያኑሽ ቫሉሽ የሚባል ከፖላንድ የመጣ ስደተኛ ሲሆን፣ ሽጉጡን የሰጠው ደግሞ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ፖለቲከኛ የነበረው ክላይቭ ደርቢ ሉዊስ ነበር። ዓላማቸው ግልጽ ነው፤ ጥቁሩ ተነስቶ ነጩን ይፈጃል፣ ጦሩ ይወጣል፣ ምርጫ የሚባል ነገር ይቀራል ብለው ነበር። ገዳዩ የተያዘው አንዲት አፍሪካነር ጎረቤት የመኪናውን ታርጋ ይዛ ለፖሊስ ስለደወለች ነው። ማንዴላ በቴሌቪዥን ወጥተው ይህንኑ ለሕዝቡ ነገሩ። በቀብሩ ዋዜማ ሴቦኬንግ ውስጥ 19 ሰዎች ተገደሉ፤ ቁጣው ግን ተደራዳሪዎቹን ከጠረጴዛው አላስነሳቸውም። ይልቁንም አጣደፋቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ የምርጫው ቀን ተቆረጠ፤ ኤፕሪል 27 ቀን 1994። ምርጫውን ሊያስቀር የተተኮሰ ጥይት ቀኑን አስቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የነበረው አንድ ዓመት እንደ ዳገት ነበር። በጁን 1993 ኤ.ደብልዩ.ቢ. የሚባለው የዩጂን ቴሬብላንሽ የነጭ አክራሪዎች ድርጅት ድርድሩ የሚካሄድበትን የኬምፕተን ፓርክ አዳራሽ በብረት ለበስ መኪና መስተዋቱን ሰብሮ ገባ። በጁላይ ኬፕታውን ውስጥ አፕላ የሚባለው ጥቁር ታጣቂ ቡድን በቅዳሴ ሰዓት ሴንት ጄምስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ 11 ምእመናን ገደለ። ማርች 1994 የኤ.ደብልዩ.ቢ. ታጣቂዎች ቦፑታትስዋና የምትባለውን ግዛት ሊታደጉ ብለው ገቡና ተዋርደው ወጡ፤ ሦስቱ በካሜራ ፊት ተገደሉ። ይህ ውርደት ለምርጫው ከብዙ ስምምነት ይበልጥ ጠቀመ። የቀድሞው የጦር ኃይሎች አዛዥ ጄኔራል ኮንስታንድ ቪልዮን ከእነሱ ጋር ያላቸውን ጉዳይ ጨርሰው በፍሪደም ፍሮንት ስም የዕጩዎቻቸውን ዝርዝር አስገቡ። ለአፍሪካነር የራሱ ክልል እንዲሰጠው የሚፈልግ ነጭ ከዚያ ወዲህ በድምፁ የሚናገርበት ቦታ አገኘ። ቦምብ የያዙት ወገኖች ብቻቸውን ቀሩ።

በነጮቹ ሰፈር ሰው ሻማ፣ የታሸገ ምግብ፣ የመጠጥ ውሃ እያጋዘ ቤቱን ሞላ። የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ባዶ ቀረ። በሎኬሽኑ ግን ሰው የተጠመደው በሌላ ነገር ነበር፤ ድምፅ መስጠትን እየተማረ ነበር። ቀደም ሲል ድምፅ ሰጥቶ የማያውቅ ሕዝብ ነውና አስተማሪዎች በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየትምህርት ቤቱ የመለማመጃ ድምፅ መስጫ እያቆሙ ያለማምዱት ነበር። ወረቀቱ ረጅም ነው። በላዩ የፓርቲው ስም፣ ዓርማው፣ የመሪው ፎቶግራፍ አለ፤ ማንበብ የማይችል ሰው በመልክ ይለያል። የመራጮች መዝገብ አልነበረም፤ መታወቂያ ወይም ጊዜያዊ የመራጭ ካርድ ያለው ሁሉ የትም ሄዶ መምረጥ ይችላል። ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ እጁ በማይታይ ቀለም ይነከራል፤ ቀለሙ የሚታየው በልዩ መብራት ሥር ብቻ ነው። ኢንካታ አልሳተፍም ብሎ ቆይቶ ሳምንት ሲቀር ኤፕሪል 19 እሺ አለ። ወረቀቱ ግን አስቀድሞ እንግሊዝ አገር በሰማንያ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ገብቷል። ምርጫውን ይመሩ የነበሩት ዳኛ ዮሃን ክሪግለር የኢንካታውን መሪ የቡተሌዚን ፎቶግራፍ የያዘ ተለጣፊ ወረቀት በሚሊዮኖች አሳተሙ፤ የምርጫ ሠራተኞቹም ከሥር እየለጠፉ 19ኛ ፓርቲ ጨመሩ። በአንዳንድ ጣቢያ ተለጣፊው ሳይደርስ ቀርቶ በእስክርቢቶ ተጽፏል።

ሚያዝያ 16 ቀን 1986 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ በእነሱ ኤፕሪል 24፣ ጆሃንስበርግ ብሪ ጎዳና ላይ የቆመ መኪና ፈነዳ። ቦታው ከኤ.ኤን.ሲ. ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከሼል ሃውስ፣ አጠገብ ነው። ብሪ ከጄፒ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ጎዳና ነውና ፍንዳታው ዛሬ የኛ ሰው ከሚነግድበት ሰፈር በአንድ መንገድ የሚለይ ነበር ማለት ነው። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዷ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በኤ.ኤን.ሲ. ስም የቀረቡት ዕጩ ሱዛን ኪን ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ጀርሚስተን ከተማ የታክሲ ተራ ላይ ሌላ ቦምብ ፈንድቶ 10 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ምሽት ፕሪቶሪያ ውስጥ ጥቁሮች በሚያዘወትሩት የምግብና የመጠጥ ቤት ሁለት ሰዎች ተገደሉ።

የታክሲ ተራው በአጋጣሚ የተመረጠ ዒላማ አይመስለኝም። ነጭ በቤት መኪናው ይሄዳል፤ ሰኞ ጠዋት የታክሲ ተራ የሚሰለፈው ጥቁር ሠራተኛ ነው፤ የቤት ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ወዛደር፣ ጥበቃ። ረቡዕ ዕለት ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሰለፈውም ያው ሰው ነው። ቦምቡ ለዚያ ሰው የተላከ መልእክት ነበር። ሰልፍ አትያዝ ይላል።

ማክሰኞ ኤፕሪል 26 አረጋውያን፣ ሕሙማንና እስረኞች እንዲመርጡ የተለየ ቀን ነበር። በጀርሚስተን ፍንዳታ ማግስት ማለት ነው። በመላው አገሪቱ አሮጊቶች በተሽከርካሪ ወንበር፣ በሰው ጀርባ፣ በልጅ ልጅ ትከሻ ተደግፈው መጡ። ረቡዕ ሚያዝያ 19 ሌሊቱ ሳይነጋ ሰልፉ ተጀመረ። ያን ቀን ጠዋት በያን ስመትስ አውሮፕላን ማረፊያ ሌላ መኪና ፈንድቶ ሰዎች አቆሰለ። ራዲዮው ይህን እየተናገረ ሰልፉ ይረዝም ነበር። ከሻርፕቪል እስከ ሶዌቶ ባለው አገር፣ ኦሬንጅ ፋርምን ጨምሮ፣ ወረቀት ያለቀበት፣ ሳጥን ያልደረሰበት፣ ቀለም የጎደለበት ጣቢያ ብዙ ነበር፤ ሰው በፀሐይ ለሰዓታት ቆመ። በአንዳንድ አካባቢ ምርጫው እስከ 29 ድረስ ተራዘመ። በዚያው ረቡዕ ፖሊስ በቦምቦቹ የተጠረጠሩ ከሠላሳ በላይ የነጭ አክራሪዎችን ያዘ፤ ፍንዳታውም ቆመ። ከተፈረደባቸው መካከል ኋላ በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ምሕረት የጠየቁ አሉ።

ድምፅ የሰጠው ከ19 ሚሊዮን 5 መቶ ሺህ በላይ ሲሆን፣ ለመምረጥ ዕድሜው ከደረሰው ሕዝብ 86 ከመቶ ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። ኤ.ኤን.ሲ. 62.65 ከመቶ፣ ናሽናል ፓርቲ 20.39፣ ኢንካታ 10.54 አገኙ። የቪልዮን ፍሪደም ፍሮንት ከ424 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። ቦምብ ያጠመዱት ሰዎች እንታገልለታለን የሚሉት ሕዝብ ራሱ ሰልፍ ይዞ ድምፅ ሰጠ ማለት ነው።

ፍርሃት በዚያ ምርጫ ምንም አልሠራም ብሎ መጻፍ ግን እውነቱን መደበቅ ይሆናል። ፍርሃት ሠርቷል፤ የሠራው ግን ከመኪና ቦምቡ ርቆ ነው። በናታል ገጠርና በምሥራቅ ራንድ የሠራተኞች ማደሪያዎች አካባቢ አንድ ፓርቲ የያዘው መንደር ለሌላው ዝግ ነበር። የሌላ ፓርቲ ካናቴራ ለብሶ የገባ ሰው በሕይወት አይወጣም። ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት እንኳን በምሥራቅ ራንዷ ቶኮዛ ውስጥ ተኩስ ነበር፤ ኤፕሪል 18 ፎቶግራፍ አንሺው ኬን ኡስተርብሩክ የሞተው እዚያ ነው። በእንዲህ ያለ መንደር መራጩ ሰልፉን አይተውም፤ ይወጣል፤ የሚፈራው ወረቀቱ ላይ የሚያደርገውን ምልክት ነው። በኬፕ ደግሞ ናሽናል ፓርቲ ከለር የሚባሉትን ቅይጥ ሕዝቦች በጥቁር የበላይነት የሚያስፈራራ በፎቶግራፍ የተሠራ መጽሔት አሠራጨ፤ የምርጫ ኮሚሽኑ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ፓርቲው ግን ዌስተርን ኬፕን በ53 ከመቶ አሸነፈ። አንድ ቀን ከሚፈነዳ ቦምብ ይልቅ ጎረቤት በየዕለቱ የሚያስገባው ፍርሃት ድምፅን ይቀይራል፤ እኔ ከዚያ ምርጫ የምወስደው ይህን ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውም ያን ያህል የተለየ አይደለም። በ1996 መጀመሪያ የሐማስ ሰዎች በእስራኤል አውቶቡሶችና ጎዳናዎች ላይ ያፈነዱት ቦምብ ስልሳ ያህል ሰው ገደለ፤ በሰፊ ልዩነት ይመሩ የነበሩት ሺሞን ፔሬዝ በሜይ በአንድ ከመቶ እንኳን በማይሞላ ልዩነት በኔታንያሁ ተሸነፉ። በማርች 2004 ማድሪድ ውስጥ በባቡር ላይ የፈነዱ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰው ፈጁ። ምርጫው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። መንግሥቱ ጥፋቱን ወደ ባስኮቹ ኢ.ቲ.ኤ. ገፋ፤ ሕዝቡ እንደተዋሸ ተሰማው፤ በገፍ ወጥቶ መንግሥቱን ከሥልጣን አወረደ። እኛ አገር በ2013 ዓ.ም. ምርጫው ሲቃረብ ምክር ቤቱ ሕወሓትንና ሸኔን በሽብርተኝነት ፈረጀ፤ ሰኔ 14 ቀን ድምፅ ሲሰጥ ትግራይ በጦርነት ውስጥ ነበረችና አልመረጠችም፤ በጸጥታ ምክንያት ያልመረጡ ሌሎች ወረዳዎችም ነበሩ። ለነዚያ መራጮች የመፍራትም ያለመፍራትም ምርጫ አልቀረበላቸውም፤ ሳጥኑ ራሱ አልደረሳቸውም።

ወደ ኦሬንጅ ፋርም እመለሳለሁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጆሃንስበርግ ውሃ ድርጅት በስትሬትፎርድ መንደር የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ተከለ፤ ካርድ ያልሞላ ሰው ቧንቧው ይዘጋበታል። ነዋሪዎቹ የኦሬንጅ ፋርም የውሃ ችግር ኮሚቴ የሚባል አቋቁመው ተቃወሙ። ያች በ1994 በፀሐይ ቆማ የመረጠች እናት ባልዲ ይዛ መሰለፍ ያልቀረላት ሆነች። ሥራ ጠፋ፣ መብራት ይጠፋ ጀመር፣ ቤት ይሠራላችኋል የተባለው ዘገየ። በመላው አገሪቱ ከተመዘገበው መራጭ ድምፅ የሰጠው በ2004 ከመቶ 76 ነበር፤ በ2019 ወደ 66 ወረደ። በ2021 የአካባቢ ምርጫ ግማሽ እንኳን አልሞላም። ሰልፉን ቦምብ ሳይበትነው የተበላሸ ቧንቧና ያልተፈጸመ ቃል እያሳሳው መጣ።

ቁጣው መውጫ ፈለገና ስደተኛውን አገኘው። ሜይ 11 ቀን 2008 አሌክሳንድራ ላይ የጀመረው ጥቃት በየሎኬሽኑ ተዛምቶ 62 ሰው ገደለ፤ ከነዚያ ውስጥ 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። በጃንዋሪ 2015 ሶዌቶ ውስጥ የውጭ ዜጎች ሱቅ ተዘረፈ፤ በኤፕሪል ደርባን ተቃጠለች። የኛ ሱቆች ተሰባበሩ፣ የኛ ሰዎች ሞቱ። ከቦይፓቶንግ ዘመን ጀምሮ የምናውቀው ነገር ተመልሶ ሲመጣ አያለሁ፤ በር ሰብሮ መግባት፣ በሌሊት መክበብ፣ ጎረቤትን ማስፈራራት። ልዩነቱ አሁን የሚፈራው ሰው ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ሎኬሽን ያለ ኢትዮጵያዊ ሱቁ ውስጥ ከዕቃው ጋር ያድራል፤ በሩን በሁለት ብረት ይዘጋል፤ ሰላማዊ ሰልፍ አለ ሲባል ውድ ውድ ዕቃውን አንስቶ ወደ ጄፒ ዘመድ ዘንድ ይልካል። ለእሱ የምርጫ ቅስቀሳ ማለት ማን ምን ብሎ ስለ እሱ እንደሚናገር ማዳመጥ ነው።

በ2021 ሶዌቶ ውስጥ ኦፕሬሽን ዱዱላ የሚባለው ስደተኛን የማባረር ንቅናቄ ተነሳ። ወደ ፓርቲነትም ተለወጠ፤ በ2024ቱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ግን አልነበረም። ሜይ 29 ቀን 2024 ሕዝቡ ሲመርጥ «ይሂዱ» እያለ የቀሰቀሰው ፓትሪዮቲክ አላያንስ 2.06 ከመቶ ብቻ አገኘ። ኤ.ኤን.ሲ. ራሱ 40.18 ላይ ወረደ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ብቻውን መግዛት ያቃተው በዚህ ምርጫ ነው። ድምፅ የሰጠው ከተመዘገበው 58.64 ከመቶ ነበር። የስደተኛ ጥላቻ በብሔራዊ ምርጫ ብዙ ድምፅ አላመጣም። ይህ እውነት ነው፤ መናገርም ይገባል፤ ምክንያቱም በኛ ሰው መካከል አገሩ በሙሉ ጠልቶናል የሚለው ወሬ በጣም ተሠራጭቷል።

የአካባቢ ምርጫው ግን ሌላ ነው። ቀጣዩ ከ2026 መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ድረስ ባለው ጊዜ መደረግ አለበት። እዚያ አንድ ቀበሌ የሚወክል ሰው የሚመረጠው በጥቂት ሺህ፣ አንዳንዴም በጥቂት መቶ ድምፅ ልዩነት ነው። ሰልፉ በሳሳ ቁጥር የጥቂት ቁጡ ሰዎች ድምፅ ይከብዳል። ሱቁ የሚዘረፈውም ሆነ የሚጠበቀው በዚያው ቀበሌ ውስጥ ስለሆነ፣ ኦሬንጅ ፋርም ያለ ነጋዴ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ የቀበሌው ተመራጭ ማን እንደሚሆን ያሳስበዋል። ዕድሩና የማኅበረሰብ ኮሚቴው ከአሁኑ ከመንደር ሽማግሌዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችና ከሴት ማኅበራት ጋር ቢነጋገር ይበጃል፤ በ1994 ሰልፉን የያዙት እነዚያ እናቶች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዳቦም የሚገዙት ከኛ ሱቅ ነው።